በማይክ የምትጨቃጨቀው ባልቴት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያዝ ያደርግሻል ወይስ የሰጡሽ ቅባት ሠራልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አባዬስ ደህና ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "መነጽሬን አያችሁ ወይ?" ማለቱን አልተወም? ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ትንሿ ልጃቸው፣ ሁሉም በጤና እንዳሉ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲበርድ ደርቤ እወጣለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረው ሁሉ ከመነበቡ በፊት ልብሽ እንዲያርፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ የነገረችሽን ሰምቻለሁ። "ልጅሽ እሳት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በየቀኑ ትቃጠላለች" ብላሽ እህል ባፍሽ አልዞረም አሉ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? እሷ ግን ሐሳቡን ትታ እሳቱን ጨመረችበት። በስልክ ላስረዳሽ ብሞክር መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን፤ አንቺም "በወረቀት ጻፊልኝ፤ የወንድምሽ ሚስት ቀስ ብላ ታነብልኛለች" ስላልሽ ይኸው ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

የምሠራው የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የአምቡላንስ ሰዎች በሚሠለጥኑበት ግቢ ነው። ድሮ እነዚህን ሰዎች ለማሠልጠን አሮጌ ቤት ያቃጥሉ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያቃጥላሉ። ነገር ግን በየቀኑ የሚቃጠል ቤት ከየት ይመጣል? ጭሱም ከጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ ቪአር የሚሉትን መነጽር አመጡ። ዐይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን፣ የዋናተኛ መነጽር የመሰለ፣ ግን እንደ ዳቦ የወፈረ ነገር ነው። ሠልጣኙ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ያን ሲያጠልቅ የሚነድ ቤት ይታየዋል። ዞር ሲል ከኋላው ያለውን ያያል፤ ጎንበስ ሲል ከጭሱ ሥር ወለሉን ያያል። ሙቀት ብቻ ነው የሌለው። ለዚህም ነው ዋና አሠልጣኙ "አያቃጥለንም ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ እንዳትሄዱ! በእውነተኛው ጊዜ ጆሯችሁ ነው የሚጠበሰው!" እያለ ሲጮህባቸው የሚውለው። ከውጭ ለሚያይ ግን አንድ ጎልማሳ ከነሙሉ ልብሱና በጀርባው ካዘለው የአየር ሲሊንደር ጋር ባዶ ወለል ላይ እየዳኸ አየር ሲዳብስ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄን የምደብቅበት አጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቻለሁ።

እኔ እንግዲህ እሳቱ ውስጥ የሚገኘው ሰው ነኝ። ማለቴ ድምፁ ነኝ። ከአዳራሹ ጎን ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሠልጣኙ የሚያየውን እኔ በስክሪን አያለሁ፤ ማይኩ ካፌ ሥር ነው። አንዴ ሰክሮ አልጋ ሥር የተደበቀ ጎረምሳ፣ አንዴ ምጥ የያዛት ሴት፣ አንዴ የተጋጨ መኪና ውስጥ እግሩ የተያዘ ሹፌር እሆናለሁ። ኮምፒውተሩ አካላቸውን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፄንም ያወፍረዋል ወይም ያቀጥነዋል፤ ጭንቀቱን የምጨምረው ግን እኔ ነኝ። የታክሲ ጥሪ እቀበል በነበረ ጊዜ ሰው ሲጨንቀው ስንት ዓይነት እንደሚሆን በጆሮዬ ስለጠገብኩ ሲፈትኑኝ አልተቸገርኩም። የተቸገሩት የምኖርበት ፎቅ ላይ ያሉት ናቸው። ምጡን ቤቴ ውስጥ ስለማመድ የታችኛው ቤት ሰውዬ ሙቅ ውሃ በማሰሮ ይዞ በሬን አንኳኳ። እና እማዬ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ "እቃጠላለሁ"፤ ከዚያ ሻይ ጠጥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የአክስቴ ልጅ የሰማችው ይኼንን ነው።

ከሁሉም ስም ያወጣሁት በባልቴቷ ነው። ጭስ ቤቷን ሞልቶት እንኳ "ማን አስገባህ? ወለሉን እኮ አሁን ነው የወለወልኩት!" የምትል አሮጊት ናት። ዋና አሠልጣኙ ዕድሜውን በሙሉ ጭስ ሲውጥ የኖረ፣ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቋረር ሰው ነው። "ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አይጠብቃቸውም፤ አስቸግሪልኝ" ብሎኛል። አስቸግራለሁ። ከማን እንደተማርኩት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አትቆጪኝ።

ከሠልጣኞቹ መካከል ባልደረቦቹ ሮኬት የሚሉት አንድ ጎበዝ ነበር። ደረጃ ሲወጣ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። ባልቴቷ ክፍል ሲደርስ ግን "ተነሺ! እንሂድ!" ብሎ አንጠልጥሎ ሊወስዳት ይነሳል። የተሰጠኝ መመሪያ ደግሞ፣ ሳያናግራት ከጎተታት ባልቴቷ ትታገላለች፣ የአየር ጭምብሉን አንቃ ትይዛለች፣ አየሩ ያልቃል፣ ሠልጣኙ ይወድቃል የሚል ነው። ሮኬት ወደቀ። ደገመ፤ ወደቀ። ሠለሰና መነጽሩን አውልቆ "ማሽኑ ተበላሽቷል!" አለ። ዋና አሠልጣኙም "ማሽኑ ደህና ነው፤ ያስቸገረችህ ሰው ናት። ከግድግዳው ኋላ አለችልህ፤ ሂድና ጠይቃት" አለው።

በሬን በርግዶ ሲገባ ዳቦ እየገመጥኩ ነበር። ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘና "ባልቴቷ የታለች?" አለኝ። አፌ እንደሞላ "እኔ ነኝ" አልኩት። እኔን አየ፣ ማይኩን አየ። "አንቺ? የኔ እኩያ አይደለሽ እንዴ! ለመሆኑ ቤቷ እየነደደ እንዲህ የምትጨቃጨቅ ሰው በምድር ላይ አለች?" አለ። "አለች፤ እናቴ ናት" አልኩት።

ከዚያ የጎርፉን ቀን ነገርኩት። ውሃው ጓዳ ገብቶ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ደርሶ ሳለ መጥረጊያ ይዘሽ ወደ ደጅ ስትጠርጊው፣ አባዬ ቢለምንሽ፣ ወንድሜ ቢቆጣሽ፣ "ቤቴን ለጭቃ ትቼ የትም አልሄድም" እንዳልሽ። ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን መጥቶ "እትዬ፣ ሁለቱም እጄ ተይዟል፤ ይቺን ባትሪ ይዘሽ እስከ መንገዱ አብሪልኝ" ሲልሽ ግን መጥረጊያውን ጥለሽ ቀድመሽው ወጣሽ። እስከ ዛሬም "እሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ" ትያለሽ። ሮኬት ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ባልቴቷ ፊት በርከክ አለና "እማማ፣ ጭሱ ዐይኔን ያዘው፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያሳዩኝ" አላት። ምን ላድርግ? ተነስቼ መራሁት። አለፈ። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት ብቅ እያለ "ባልቴቷ እንዴት ዋለች?" ይለኝ ጀመር።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሥልጠናውን ጨርሶ ጣቢያ ከተመደበ ብዙም ሳይቆይ፣ ከገበያው ጀርባ ያለ አንድ ባለ ፎቅ መኖሪያ ተቃጠለ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጭሱን ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ። አመሻሹ ላይ ዋና አሠልጣኙ ደውሎ ሮኬት ሆስፒታል እንደገባ፣ እጁ እንደተቃጠለ፣ ጭስም እንደዋጠ ነገረኝ። "አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቆየ። ጓደኛው ውጣ ውጣ ቢለውም ቆየ" አለኝ። እማዬ፣ በእውነት የተቃጠልኩት ያኔ ነው። ቀስ በል ያልኩት እኔ፣ ሰውን አናግር ያልኩት እኔ። ሰውየውን አፋፍሶ ቢወጣ ኖሮ እጁ ደህና አይደል ወይ?

በማግስቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና "እሳት ውስጥ ቁጭ ብለህ ወግ ጠርቅ ያልሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ከአጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሂጂም አላለችኝም። ነርሷ ስትጠራን አብረን ገባን።

ሮኬት በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ተጋድሟል። ድምፁ ስለተዘጋ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ገና ሳልቀመጥ "ያንቺ ዘዴ አልሠራም" አለኝ። ተመልሼ ልወጣ ዞርኩ። እሱ ግን ቀጠለ። ሽማግሌው ሳሎናቸው መሃል ቆመዋል፤ ክንዳቸውን ሲይዛቸው ያስለቅቃሉ። "አባባ፣ በሩን ያሳዩኝ" አላቸው፤ ዝም። ጮኸ፤ ዝም። ለካ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ጓደኛው "አንሳቸውና እንውጣ!" ሲለው እሱም ሊያነሳቸው ጎንበስ ብሎ ነበር። "ግን ቆም ማለት ለምዶብኝ ፊታቸውን አየሁት" አለኝ። ፊታቸው ወደ እሱ አልነበረም፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል ነበር፤ በእጃቸውም እዚያው እዚያው ያመለክታሉ። ሰውየው አልወጣም እያሉ አልነበረም። ባለቤቴ ውስጥ ናት እያሉ ነበር። ለካስ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሚስታቸው ከተዘጋው በር ኋላ ነበሩ። ሽማግሌውን ጓደኛው ይዟቸው ወረደ፤ ሮኬት በሩን ገፍቶ ገባና ሴትዮዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸከማቸው። ጓንቱ ወልቆ እጁ የተቃጠለው በዚያ መካከል ነው።

ሚስቱ ይህን የሰማችው ከእኔ እኩል ነው። ተነስታ ውሃ ቀዳችለት፤ ቀጥላ ለእኔም ቀዳችልኝ። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሴትዮዋ ገና ሆስፒታል ናቸው፤ ሐኪሞቹ ደፍረው ይድናሉም አይተርፉምም አይሉም። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሥር አይጠፉም አሉ። የሮኬት ትንሿ ጣት እንደ ድሮዋ አትታጠፍም ተብሏል፤ ወደ ሥራው ግን ይመለሳል።

ዋና አሠልጣኙ ይህን ከሰማ በኋላ መነጽሩ ውስጥ አዲስ ሰው እንጨምር አለ፤ የማይሰማ፣ የማይናገር። ደነገጥኩ። "ታዲያ እኔ ምን እሠራለሁ? የቀጠራችሁኝ ለድምፄ አይደለም ወይ?" ስለው "ትንሽ ደግሞ በእጅሽ ተናገሪ፤ እኛም እንረፍ" አለኝ። በእጅ ለመናገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ይገርምሻል፣ ይህን ያህል ጊዜ ስሠራ በስክሪን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠለቅሁት።

አንድ ሳሎን ውስጥ ቆሜያለሁ። ጭሱ ከጣሪያው ወደ ታች ይወርዳል። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግሬ ሥር የአዳራሹ ምንጣፍ ይሰማኛል፣ የአሠልጣኙ ሳል እንኳ ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ተበረገደና ሰው ገባ። እማዬ፣ ፊት የለውም። በፊቱ ቦታ ጥቁር መስታወት ነው ያለው፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጎተታል፤ ከበሩ ይሰፋል። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። እሳቱን አልፈራሁም፤ እሱን ፈራሁት። ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ክርኔ ከእውነተኛው ግድግዳ ጋር ተላተመና አበጠ፤ ይህን ስጽፍልሽም ይጠዘጥዘኛል። መነጽሩን ሳወልቅ ያ ግዙፍ ሰው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፍ አዲስ ሠልጣኝ! "ውይ፣ አስደነገጥኩሽ?" ብላ በሁለት እጇ ክርኔን ያዘችልኝ፤ ከእኔ ይበልጥ የደነገጠችው እሷ ነበረች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። እግዜር አያምጣው እንጂ፣ እንዲያ ያለ ፊት የሌለው ሰው አንድ ቀን ደጃፍሽ ላይ ቢቆም፣ ከጭምብሉ ሥር የሰው ልጅ አለ፤ ላብ ያጠመቀው፣ እናቱ የምትጠብቀው፣ ምናልባትም ካንቺ ይበልጥ የፈራ። አትጨቃጨቂው። ምንም ነገር ላንሳ አትበዪ። ተከተዪው። ጭቅጭቁን እኔ እዚህ በደመወዝ እየሠራሁልሽ ነው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጺሙ ቢዋጋሽም ሳሚልኝ። ለአክስቴ ልጅ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ደብዳቤውን ግን እስከ መጨረሻው አስነብቢያት፤ ግማሹን ሰምታ ከሄደች ነገ ደግሞ "ድምፅዋ ተዘጋ" ብላ ታወራብኛለች። ወንድሜን አናጢነቱ እንዴት ሆነ በይልኝ፤ ወገቡንም ያስብበት። ይህን የምታነብልሽ ሚስቱን በጣም አመሰግናለሁ፤ እስኪ እዚህ ጋ አረፍ በይና ውሃ ጠጪ በያት። ትንሿ ልጅ ጥርሷ ሲወልቅ አለቀሰች ወይስ ጀግና ሆነች? በሁለቱም ዐይኖቿ ላይ ሳሙልኝ። ሁላችሁንም ደህና ያቆይልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከሥልጠናው ግቢ፣ ከጠባቧ ክፍሌ
ጥር ፱ ቀን