በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ የተገኘው ወረቀት

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ፣ ሰሞኑን ደግሞ ለምጠረጥርህ ወንድሜ ለጋሼ ስመኘው፣

ከአባባ ቀብር ከተመለስክ ወዲህ ሐዋሳ እንዴት ያዘችህ? ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ደውዬ ሳታነሣው ዘጋሁት። እኔ ጥቁሬን ለብሼ ክፍል እገባለሁ፣ የሕክምና ቃላት እሸመድዳለሁ። ጋስትሮ ጨጓራ፣ ሄፓቶ ጉበት። ማክሰኞ ፈተና አለብኝ፤ አንዱን ስይዝ አንዱ ይጠፋኛል።

ቡሬ ግን ነገር ከፍቷል። እማዬ፣ አባባን መርዝ ያበላቻቸው ጎረቤታችን እትዬ እህተ ማርያም ናት ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ለኅዳር ሚካኤል ጽዋ እሷ ቤት ጠላ ቀምሰው እዚያው ደጃፏ ላይ አስመለሳቸው፤ ማስረጃዋ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖረችን ሴት አሁን ውሃ ስትቀዳ ሰው ይሸሻታል። ለተዝካሩም ደጄን እንዳትረግጪ ተብሎ ተልኮባታል። አልዋሽህም፣ እኔም ጠርጥሬያት ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ የአባባን ዳዊት ከማኅደሩ ሳወጣ ወረቀት ወደቀ። ባሕር ዳር ወስደህ ያስመረመርካቸው ጊዜ የተሰጠ ነው። ሄፓቶ የሚለውን አየሁና የቀረውን ከደብተሬ ፈለግሁት። የጉበት ካንሰር ነው፣ ጋሼ። ቀኑ ጥቅምት 25፣ ከጽዋው በፊት። ከታች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ይሂዱ ይላል።

አንተ ግን "ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ይቀንሱ" ብለህ መለስካቸው። ለበሽተኛው አይነገርም፣ ልጅ ይችለዋል፤ ልማዳችንን አላጣሁትም። ለእማዬስ? ለእኔስ? ወይስ ለሕክምናው በሬዎቹ እንዳይሸጡ ብለህ ነው? ይቅር በለኝ፣ ይህንንም አስቤያለሁ።

ተዝካሩ የካቲት 8 ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ናና ሴትዮዋ ንጹሕ እንደሆነች ለእማዬ በአፍህ ንገራት። እኔ ብላት "አንቺ ገና ተማሪ" ትለኛለች።

የቀረውን ደግሞ ልጻፈው። አባባም አላመኑህም ነበር። ኅዳር 3 ቀን ወረቀቱን ይዘው ኮሌጁ በር ድረስ መጡ።

"እስቲ አንቺ አንብቢልኝ። የስመኘው ዓይን አላማረኝም" አሉኝ።

ጓደኞቼ አጠገቤ ቆመዋል። ኮሌጅ ከገባሁ ወር እንኳ አልሞላኝም፤ ቃሉን አላውቀውም። አላውቅም ማለት አፈርኩ።

"ጨጓራ ነው፣ አባባ። ጋሼ እውነቱን ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ግንባሬን ሳሙኝና በቡሬ መኪና ተመለሱ። አሥራ አምስቱ ቀን ገና አላለቀም ነበር።

ስለዚህ ለእማዬ ስትነግራት የራስህን ብቻ አትንገራት። የአባባ አምላክ መንገድህን አቅንቶ በጊዜ ያምጣህ።

ወረቀቱን ያነበብኩላቸው፣
እህትህ ሥርጉት