ስምንት በር

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የደብረ ብርሃን ብርድ ያመጣብሽ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ እንደያዘሽ ነው? የእናታችን የእትዬስ ጉልበት? መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ነው የምትወስደው፤ በባዶ ሆድ እየዋጠች "የላከችልኝ አልሠራም" እንዳትል። እኔ ደህና ነኝ፤ ከመወፈሬ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ስናወራ እትዬ አጠገብሽ ስለምትቀመጥ፣ ያሰብኩትን ትቼ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራለሁ። አሁን ገሊላ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ አገር ቤት ስለምትገባ በእጇ ሰደድኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ደስ ያለኝን አስቀድሜ ላውራሽ፣ ሌላውም ይደርሳል።

ባለፈው ዓርብ እዚህ አሜሪካ ሃሎዊን ነበር። ልጆች ጭንብል አጥልቀው በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚጠይቁበት ቀን ነው። ቡሄን አስቢና ሙልሙሉንና ጅራፉን ትተሽ አፅምና ሸረሪት ጨምሪበት። ቴሌቪዥን ላይ ሰዉ ካፖርት ለብሶ፣ የረገፈ ቅጠል እየረገጠ ነው የሚያከብረው። የኛ ሰፈር ኖርክሮስ ግን ያን ቀን እንደ አዋሽ ነደደ። ደረጃው ላይ የሰቀሉት የላስቲክ አፅም እንኳ ያላበው ይመስል ነበር።

ዱባ ላይ ዓይንና ጥርስ ቀርጸው በር ላይ ያስቀምጣሉ። እኔ ለበዓል ቀድሞ መዘጋጀት ነው የማውቀው፣ ሳምንት ሲቀረው ቀረጽኩ። በሦስተኛው ቀን ከሙቀቱ የተነሳ ፊቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥርሳቸውን የጨረሱ ሽማግሌ መሰለ። ከታች ያለችው ጀዋሂር፣ የደሴ ልጅ ናት፣ "ወጥ ይወጣው የነበረውን ዱባ ገደልሽው" ብላ ሳቀችብኝ። በመጣሁ ሰሞን ደግሞ ለልጆቹ ዳቦ ቆሎ በትንንሽ ላስቲክ አስሬ አድዬ ነበር። በማግስቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ወፍ ሲለቅመው አየሁት። እቤት የተሠራ ነገር ከማያውቁት ሰው ለልጃቸው አይቀበሉም ለካ። አሁን ቸኮላት ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሌላው ቤት ቀልጦ እጅ ላይ ሲጣበቅ የኔ ቀዝቃዛ ስለሆነ ልጆቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጡብኛል።

ጀዋሂር ሊና የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። ጀዋሂር "ይሄ የሰይጣን ድግስ ነው፣ ልጄ አትወጣም" ብላ ነበር። ሊና ሦስት ቀን አኮረፈች። በመጨረሻ እኔ ሸመገልኩ፤ ዶክተር ሆና ብትለብስ ዶክተር ሰይጣን አይደለም አልኳት። ጀዋሂርም "የዚህ አገር ዶክተር የሚልከውን የክፍያ ቢል አላየሽም" ብላ ፈቀደች፣ ግን ዓርብ ማታ ሥራ ስላለባት አንቺ አዙሪልኝ አለችኝ።

እንግዲህ ዓርብ ነው ሌላውም የሆነው። ጠዋት አቶ ነጋ ጠርተውኝ ቡፎርድ ሃይዌይ ወዳለው ቢሯቸው ሄድኩ፤ ያንቺን የመምጫ ፎርም ሲሞሉልን የኖሩት ሰውዬ ናቸው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ተራሽ ደርሷል አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ እህትማማቾች መሆናችሁን የሚያሳየው የልደት ካርድ ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ የዲኤንኤ ምርመራ ተጠይቋል አሉ። አንቺም፣ እኔም፣ እትዬም ከጉንጫችን በጥጥ ተወስዶ ይመረመራል። ቀጥለው የድሮውን የዲቪ ሎተሪ ፎርሜን አወጡ። የልጅ ብዛት የሚለው ላይ ዜሮ ይላል። እሱን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ። ምርመራው የማያሳየው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። "እህቴ፣ ጥጡ ፎርም አያነብም" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ባያስመረምሩ ፋይሉ ይዘጋል፣ ቢያስመረምሩ ደግሞ የርስዎም ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል፣ እሷም በዚህ ምክንያት አትመጣም አሉ። በሌላ መንገድስ ብል "በየትኛውም መንገድ" አሉኝ። ፋይሉ እንዲዘጋ ፈርሜ ወጣሁ። መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ፀሐይ ላይ ስዞር ቆየሁ።

ቤት ስደርስ ሊና ነጭ የዶክተር ጋውኗን ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። "አንቲ፣ ሌት አደረግሽኝ" ብላ በማርፈዴ ተቆጥታኝ ግንባሬን በፋሻ ጠቀለለችው። የሷ በሽተኛ ነኝ ለካ። "የት ያምሻል" ስትለኝ እዚህም እዚያም አልኳት። "ሲሪየስሊ፣ አንድ ቦታ ምረጪ" አለችኝ። እንዴት እንዳሳቀችኝ።

ፀሐይ ሳትገባ ወጣን። የበር መብራቱ የበራበትን ቤት ብቻ ነው የሚያንኳኩት፣ የጠፋ ከሆነ አይነኩትም። የበሩትን ቆጠርኩ፣ ስምንት ነበሩ። በመጀመሪያው በር አንዲት ባልቴት ከፈተችና ሊናን አድንቃ ስታበቃ ልጅሽ ናት ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሁለተኛው ቤትም ጠየቁኝ፣ አዎ አልኩ። ሊና ቀና ብላ አየችኝ፣ ግን ከረሜላው ስላጓጓት ቦርሳዋን ዘረጋች። በስምንቱም በር ጠየቁኝ፣ ወይም እኔው እስኪጠይቁኝ ቆምኩ። አዎ፣ ልጄ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው እላለሁ። አንድም ሰው ወረቀት አልጠየቀኝም። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እውነቴን ነው።

እኔ ስሄድ አንቺም ስምንት ዓመትሽ ነበር። ልሰናበታችሁ ስመጣ "እህቴ መጣች" እያልሽ አዲስ ጫማሽን ለሰው ታሳዪ ነበር፤ እኔም እህትሽ እየተባልኩ አቅፌ ስሜሽ ሄድኩ።

እንግዲህ አትጠብቂ። የወረዳውን ቋሚ ሥራ "ልሄድ ነው" ብለሽ እንዳትተዪው። መርዕድንም ቆይ እያልሽ አታጉላዪው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ለሰርግሽ እመጣለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ፋይሉን ካዩት ወዲህ አቶ ነጋ ለጊዜው ከዚህ አገር አይውጡ ብለውኛል። እትዬን ምንም አትጠይቂያት፣ እሷ የሠራችው ለሁለታችንም ብላ ነው።

አንድ ነገር ግን ላርምልሽ። እትዬ የተወለድሽው ንጋት ላይ ነው ትልሻለች። ተሳስታ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ በረዶ እየጣለ። አሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጥኩበት ዓመት ስለሆነ አልረሳውም።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። ወልደሽ በገዛ ስምሽ የምትጠሪ ያድርግሽ።

በወረቀቱ ላይ እህትሽ