ሸራው ታደሰ ግቢ ዋለ

ሰኔ ፲፪፣ መርሳ

የጀልባዋን ስንጥቅ ደፍኜ ጨርሼ፣ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጬ የሰፋሁትን የነፋስ ሸራ ጠዋት ምሰሶዋ ላይ ሰቀልኩት። ነገ ሐይቅ ወስጄ ውኃው ላይ ልሞክራት ነበር። ጎረቤቴ ታደሰ ዓመቱን ሙሉ "መርሳ ላይ ባሕር ሲመጣ ጥራኝ" እያለ ሲስቅብኝ ከርሞ ትናንት ሞተ። የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ስለሆነ ዳኛው ሸራውን ለመኑኝ። ለለቅሶ እምቢ አይባልም። ፈትቼ ወሰድኩና በገዛ እጄ እሱ ግቢ ወጠርኩት።

ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። ሸራው ተነፋ፤ አንድም ገመድ አልላላም። ለቀስተኛው ከሥሩ ተደርድሮ ሲታይ የታደሰ ግቢ ጀልባ መሰለ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ሚስቱ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"ይበቃሃል ወንድሜ" አለችኝ። "የሚቀልድብህ እኮ ስለሚወድህ ነበር።"