ሃይድሮጅን ኒውትሮን የለውም

የሺዬ፣ የእኔ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቢቸና ያለው ቤታችን ጣሪያው ተቀይሯል፤ እንደ ድሮው ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ቀርቷል። እኔ አሁንም ሞጣ ነው የማስተምረው። ዓርብ ዓርብ ቢቸና ከአውቶቡስ ስወርድ የሚጠብቀኝ የለም፤ እሱን አልቻልኩትም።

ያ የኤሌክትሮን ጉድሽ ትዝ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎችሽ፣ ኤሌክትሮን ኒውክለሱን የሚዞረው በሬ አውድማ ላይ እንደሚዞረው ነው ብለሽ አስተማርሽ። ኋላ ስታነቢ ለካ ኤሌክትሮን የተሰመረ መንገድ የለውም፤ እዚህ አካባቢ ይገኝ ይሆናል ከማለት በቀር ዱካውን መከተል አይቻልም። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። አንቺ ግን ምን ገዶሽ! ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ የድሮ ተማሪ ባየሽ ቁጥር እያስቆምሽ ያስተማርኩህ ስህተት ነበር ትይ ጀመር። ታመሽ ሞጣ ስትመጪ እንኳ፣ መርፌ ልትወጋሽ የመጣችው ነርስ ተማሪሽ ሆና ተገኘችና ክንድሽን እንደዘረጋሽ ስለ ኤሌክትሮን አስረዳሻት። እኔ አጠገብሽ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ፣ የማንኛውም አቶም ኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን አለ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ አብዛኛው ሃይድሮጅን ኒውትሮን የለውም እኮ አለችኝ። እኔ ጉደኛው ተቀመጪ ብዬ ተቆጣኋት። ልክ መሆኗን አውቄያለሁ እኮ! ክፍሉ እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን ማውጣት ተወች። የምታውቀውን እንዳታውቅ ላደርጋት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ትናንት ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸውና ጠመኔውን ለእሷ ሰጠኋት። መሐል ላይ አንድ ፕሮቶን አስቀመጠች፤ ለኤሌክትሮኑ ደግሞ በጠመኔው ጎን ዙሪያውን እንደ ጭጋግ አደበዘዘችው። ሌላ ምንም የለም። እኔ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሰሌዳው ገለበጥኩ። አሁን ይስቁብኛል እያልኩ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። እኔ ለአንድ ክፍል ይህን ያህል ከተጨነቅኩ፣ አንቺ አገሩን ሁሉ እየዞርሽ እንዴት ቻልሽው? ምን ዓይነት ልብ ነበር ያለሽ? አፈርኩብሽ እንጂ ኮራሁብሽ ብዬሽ አላውቅም። ሳልነግርሽ ሄድሽ።

የሺዬ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር አስታውስሻለሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ብዙ ነው የምሳሳተው።