የብረት ዘመን በሰማያዊ ብዕር

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከጠዋቱ 2፡30

ሱቅ ከፍቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እየሞቀ ነው። ደንበኛ የለም። የዳግምን ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሰው ብነክስ እንዳትፈርጂብኝ።

ዳግም (ከዚህ በኋላ ዳ.፣ ሙሉ ስሙን መጻፍ አስጠልቶኛል) ቡራዩ ነው የሚኖረው፤ እኔ ሱሉልታ። ኮሌጅ አብረን ነበርን። ለልብ ወለዳችን አንድ ዓለም መፍጠር ከጀመርን ሁለት ዓመታችን። ነገሥታቱ፣ ጦርነቱ፣ ካርታው የእሱ። ዘመናቱ የእኔ፦ ማን ድንጋይ ሳለ፣ ማን ሸክላ ጠበሰ፣ ማን ብረት አወጣ። የታሪክ ደብተራችን አንድ ነው፤ በየቅዳሜው በሚኒባስ ይመላለሳል። እኔ በሰማያዊ እጽፋለሁ፣ እሱ በቀይ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፦ መጨመር እንጂ መሰረዝ የለም። አንዴ የሆነ ታሪክ አይፋቅም ይላል፣ እንደ ዳኛ እየተኮፈሰ።

የብረትን ዘመን ጽፌ ሰጠሁት። ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው። የናሩ ሕዝብ ወንዝ ዳር ሸክላ ይሠራል። የዞልማ ሕዝብ መዳብ ያቀልጣል፣ ግን መዳብ ለስላሳ ነው፤ ማረሻው መሬት ሲነካ ይታጠፋል። ረሃብ። ከዚያ የቄንጢ ሕዝብ ቀይ ድንጋይ ከከሰል ጋር አንድዶ ብረት ያወጣል። ሦስቱም ሕዝብ እህል ይጠግባል።

ዳ. ከሥሩ በቀይ ጨመረ፦ ቄንጢዎች ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ። ዓይናቸው ሰው ይበላል። ናሩና ዞልማ አያገቧቸውም፣ አብረዋቸው አይበሉም።

ፈጠራ ተብሎ! ይሄ እኮ የእኛ ሰፈር ወሬ ነው። ዳ. የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ነጋዴ ነው ብዬዋለሁ።

ሰው መጣ። ሃያ ገጽ፣ በሁለቱም በኩል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ምሳ ሰዓት

ደወልኩለት። የጅቡን ነገር አውጣው አልኩት። ሳቀ። ፋንታሲ ያለ አስማት አይሆንም፣ ቄንጢዎች አሁን ገና ሕይወት አገኙ፣ አንባቢ በጣም የሚወዳቸው እነሱን ነው፣ ምናምን። ከየት አመጣኸው ስለው አያቱ ናቸው ያወሩለት፤ ሁሉም የሚያውቀው ተረት ነው አለኝ። ለማንኛውም አይሰረዝም፣ ሕግ ሕግ ነው። ቀጥሎ ምን ነካሽ አለኝ።

ምን ነካኝ! አፌ ላይ ነበር። አባቴ ብዬ ጀምሬ፣ አባቴ እየጠራኝ ነው ብዬ ዘጋሁት። አባዬ አጠገቤ አልነበረም። ፈሪ። ዳ.ን ማለቴ አይደለም።

ለምሳ ቤት ስመለስ ጓሮ አንድ ገበሬ ቆሟል። ማጭድ ሊያስል ነው። ለአባዬ በእጁ አላቀበለውም፤ መሬት ላይ ወርውሮለት ራቅ ብሎ ቆመ። አብራው የመጣችው ሚስቱ የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላ ሸፈነች። ሱሉልታ ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ ኦቦ ነው፣ አቶ እንደማለት። ሰካራሙ ጎረቤታችን እንኳ ኦቦ ነው። አባዬን ግን ቶሎሳ ይሉታል። አንተ ቶሎሳ፣ ቶሎ በል። አባዬ ማጭዱን ከመሬት አንስቶ ሳለ። አንድም ቀን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ ይሄም ያናድደኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከቀኑ 11፡00 ሰዓት

ዛሬ የሆነውን ቶሎ ልጻፈው።

የብረትን ዘመን ያስተማረኝ አባዬ ነው። ድሮ ብረት እንዴት ነበር የሚወጣው ብዬ ስጠይቀው፣ በቀን ሦስት ቃል የማይናገር ሰው ሁለት ሰዓት አወራ። አያቱ ድንጋዩን በቀለሙ እንዴት እንደሚለዩ፣ የፍየል ቆዳ ወናፍ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ከሰሉ ከምን እንጨት እንደሆነ። ለመጽሐፍ ነው ስለው ደነገጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቼ ነው የምታነቢልኝ እያለ ነው።

ዛሬ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ መጣ። አነበብኩለት። ሰማያዊውን ብቻ። ወናፉ ጋ ስደርስ ጋሪ፣ ጋሪ አለ፣ ጥሩ ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለው በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ቀዩ ጋ ስደርስ ገጹን ገለጥኩ።

አባዬ ማንበብ አይችልም። ቀለም ግን ይለያል። ቀዩስ አለኝ። እርማት ነው አልኩት። ገጹን መልሶ ገልጦ፦

«ቀዩ ላይ ጅብ ነን፣ አይደል?»

ማን ነው የጻፈው ብሎ አልተቆጣም። የጻፈው ልጅ እኔን ያውቀኛል ወይ ብቻ አለኝ። አያውቅህም አልኩት። አባትሽ ምን ይሠራል ብለሽዋል አለኝ። ነጋዴ፣ አልኩት።

ንግድም ጥሩ ሥራ ነው አለኝ። ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። መዶሻው ግን አልተሰማም።

ማስታወሻዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዳ.ን ስረግም ነበር። ዳ. አያቱ የነገሩትን ነው የጻፈው፤ ስለማን አባት እንደጻፈ አያውቅም። እኔ እያወቅሁ አባቴን ደበቅሁት። ራሴን እንዲህ ጠልቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከጠዋቱ 1፡15

ደብተሩ ዛሬ ቡራዩ ይደርሳል። ገጹን ልቀድ ነበር። ተውኩት። ያን ቀይ ጽሑፍ ዳ. ራሱ ቁጭ ብሎ ያንብበው፣ ከሥሩ የእኔን።

በሰማያዊ የጨመርኩት፦

«በቄንጢ ምድር የመጀመሪያውን ብረት ያወጣው ሰው ኦቦ ቶሎሳ ይባላል። ጅብ ሆኖ አያውቅም። የጅቡን ወሬ ያመጡት በእሱ ማረሻ አርሰው የጠገቡት ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ ዛሬም ሱሉልታ አለ፤ ማጭድ ይስላል። ይህን የጻፍኩት ልጁ ነኝ።»

እኔም መሰረዝ አልችልማ።

አባዬ ጓሮ ከሰል እያራገፈ ነበር። ሄጄ አነበብኩለት፤ መጀመሪያ ቀዩን፣ ከዚያ ሰማያዊውን፣ ምንም ሳልዘል። አላየኝም። ከሰሉን አስቀመጠ። ስሙ ያለበትን ድገሚልኝ አለኝ። ቶሎሳ ብዬ ስጀምር እጁን አነሳ። አይ፣ ከፊቱ ካለው ጀምሪ።

ኦቦ ቶሎሳ፣ አልኩት።

ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ዳ. እስቲ ያቺን «ኦቦ» ይሰርዛት።