ዳር ቆማ ስምህን ያስጠራች ልጅ

ውድ የትርንጎ አባት፣

ከተለያየን አራተኛው ክረምት ወጣ። በመቃብርህ ዙሪያ ያለው ሣር ወገብ ደርሷል፤ ዝናቡ ስላባራ በዚህ ሳምንት አጭደዋለሁ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ፣ የምጀምረው ሁሉ ለቅሶ እየሆነብኝ ነው። ዛሬ ግን የምሥራች አለኝ። የምሥራች ደግሞ ባለቤቱ ሳይሰማው ሊያድር አይገባም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ ዘንድሮ ገብስ ነው፤ እሸቱ ደርሷል። ቀዩ በሬ አርጅቶ ከቀንበር ወጥቷል። ሰው ሁሉ አርብ ገበያ አውጥተሽ ሽጪው ቢለኝም እምቢ ብያለሁ፤ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። የጓሮውን ትልቅ ባሕር ዛፍ ነፋስ ጣለውና አጥር ሆነ። ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክም ከክረምቱ በፊት ተመልሷል፣ የልጃችንን ድምፅ እሰማለሁ።

ትርንጎን አንተ ካረፍክ በኋላ እህትህ ወደ አውስትራሊያ ወሰደቻት። ሜልቦርን በምትባል ከተማ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ትማራለችም። እስከዚህ ድረስ ብትሰማ ራስህን ነቅንቀህ ዝም ትላለህ። ቀጥሎ ያለውን ግን ቁጭ ብለህ ስማኝ፦ ልጅህ ኳስ ተጫዋች ሆናለች።

እነሱ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። በእግር ትመታለች፣ በእጅም ትያዛለች፤ ለጓደኛ በእጅ ስትሰጥ ግን መወርወር ክልክል ነው፣ በጡጫ ነው የምትመታው። ሜዳው አራት ማዕዘን ሳይሆን እንደ አውድማ ክብ ነው፣ በየጫፉም አራት አራት ምሰሶ ቆሟል። በመሀለኞቹ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ያለፈች ኳስ ስድስት ነጥብ፣ በጎን በጎኑ ያለፈች አንድ ነጥብ ብቻ ታስገኛለች። ይህን ሁሉ የለየሁት ትርንጎ የምትልክልኝን ቪዲዮ እየደጋገምኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኳት ነው። እንደ እኔ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ላይ የለየ ሰው ለዚህ አይሰንፍም።

እሷ የመስመር ተጫዋች ናት፤ የሜዳውን ዳር ይዛ የምትሮጥ ማለት ነው። ተከላካዮቹ ከኋላ ኳስ ሲያወጡ ተቀብላ፣ በባዶው ዳር በኩል ሮጣ፣ ለአጥቂዎቹ ታደርሳለች። ኳስ በማዶው ዳር ስትሆን ደግሞ ቦታዋን አትለቅም። እሷ እዚያ በመቆሟ ብቻ ከባላጋራ ወገን አንዷ ልትጠብቃት ትወጣለች፣ መሀሉም ይሰፋል። ግብ የምታገባው ግን ከስንት አንዴ ነው። እልልታው ለሌላ ነው።

ይህን ስትነግረኝ ማን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ።

በገና ዕለት ከሴቶቹ ጋር ዳገቱ ላይ ተቀምጬ አይህ ነበር። ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ሩሯን ከቦ እንደ ንብ ሲተምም፣ አንተ ብቻህን ከድንጋዩ ካብ አጠገብ ትቆማለህ። ሩሯ ከአቧራው ውስጥ ፈትለክ ስትል ከፊቷ ትደርስና እየነዳህ ወስደህ ለወንድምህ ለአያ ፈንቴ ታቀብላለህ። እሳቸው አንዴ መትተው ያስገባሉ። ሰው የሚሸከመው እሳቸውን ነው። ማታ ሲዘፈን ደግሞ ያቺን ግጥም ያወጡብሃል፤ የገጠሙትም ራሳቸው አያ ፈንቴ ናቸው፦

ደምለው ዳር ቆሟል እንደ እርሻ ድንበር፣
እስኪ ጠይቁልን ሩር ያውቅ እንደ ነበር።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና አንተም አብረህ ትስቃለህ። እኔ ግን ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ለምን እንደ ሰው መሀል አትገባም ብልህ፣ "ሁላችንም መሀል ከገባን ሩሯ በየት በር ትውጣ?" አልከኝ።

ጉልበትህ ተጎድቶ ጨዋታውን ስትተው ትርንጎ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ስትጫወት አላየችህም። ከጨዋታህ የደረሳት ያች ግጥም ብቻ ናት፤ አጎቷ ሊያሾፉባት ሲፈልጉ ይዘፍኑላት ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ደወለችልኝ፣ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች። የዓመቱ ፍጻሜ ጨዋታ እየቀረበ ነው። አሠልጣኟ፣ ቦታሽን እየለቀቅሽ ኳስ ታሳድጃለሽ፣ ይህን ካልተውሽ በፍጻሜው ቀን ዳሩን የምትይዘው ሌላ ናት ብላታለች። ልጅህ ምን አለችኝ መሰለህ? "እማ፣ እዚህ አገር ማንም አያውቀኝም። ዳር ቆሜ ኳስ ካልደረሰኝ ማን ያየኛል? እንደ አባቴ መሳቂያ ልሁን?"

የትርንጎ አባት፣ ዝምተኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ ያን ቀን ግን ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል አወራሁ። የካቡን ነገር፣ የበሩን ነገር ነገርኳት። አጎትሽ የመቱት ሩር ሁሉ በአባትሽ እጅ ያለፈ ነው አልኳት። እህል ስናበራይ የነበረውንም አስታወስኳት፦ አውድማ ላይ በሬዎች ተጣምረው ሲዞሩ፣ ዳር ያለው ከመሀለኛው ይልቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ አባትሽ ብርቱውን በሬ መርጦ ዳር ነው የሚያስረው አልኳት። ከዚያ "አሠልጣኜም ዳሩን የምትሰጠኝ ለመሮጥ አቅም ስላለኝ ነው ትላለች። እኔ ቅጣት መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

ፍጻሜው ቅዳሜ ሆነ። እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን እዚህ ጠዋት ነው። ጨዋታው በቀጥታ በስልክ ስለሚተላለፍ፣ ስልኩን ጋኑ ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት። አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ፤ የጎረቤታችን እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው መጡ፤ ሌሎቹም ቤቱን ሞሉት። ትርንጎ ተሰልፋለች! ቢጫ ማሊያ ለብሳ ዳሩ ላይ ቆማ ሳያት እንባዬ መጣ።

ከዚያማ የእኛን ጉድ ብታይ። ጨዋታው በአራት ክፍል ነው፣ በየክፍሉም ጎል ይቀያየራሉ። ሰዉ ይህን ስላላወቀ በሁለተኛው ክፍል ባላጋራ ባገባ ቁጥር ቤቱ በእልልታ ይናጋል። እኔ ኧረ የእኛ አይደለም ብል ማን ሰምቶኝ! ትርንጎ ግን ኳስ የምትነካው አልፎ አልፎ ነው። አያ ፈንቴ አላስቻላቸውም። "ይቺ ልጅ እዚያ ድረስ የሄደችው በግ ልትጠብቅ ነው?" አሉ። "የአባቷ ልጅ፣ ዳሩን አርሳ ልትዘራው ነው መሰለኝ!" ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። አልተንቀሳቀሰችም። ኳስ በማዶ ስትሆን ወደዚያ ሁለት እርምጃ ትጀምርና ትመለሳለች። ያች መመለስ ምን ያህል እንደምትከብድ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻው ክፍል የእኛዎቹ በጥቂት ነጥብ ተመርተዋል፣ ሰዓቱም እያለቀ ነው። ኳሷ በማዶው ዳር፣ በእኛ ግብ አጠገብ ታንቃለች። ሁሉም እዚያ ተከማችቷል፤ የትርንጎ ጠባቂ እንኳ ሳይታወቃት ወደ ግርግሩ ተስባ ሄዳለች። አንዷ ተከላካይ ቀና ብላ አየችና ኳሷን ሜዳውን አቋርጣ ለጋቻት። በዚህኛው ዳር ማን አለ? ልጅህ። ብቻዋን። ተቀብላ በረረች። በሩጫዋ መሀል ኳሷን መሬት ላይ ስታነጥር ቤቱ በሙሉ "ጣለችው!" ብሎ ጮኸ። አልጣለችውም፤ ይዞ የሚሮጥ ሰው በየመሀሉ ማንጠር አለበት፣ ሕጉ ነው።

ያን ጊዜ ነው ከስልኩ ውስጥ ጨዋታውን የሚተርከው ሰው "ደምለው!" ያለው። ደገመው። "ደምለው! ደምለው!" ከኋላው የተመልካቹ ጩኸት ይሰማል፣ እሱም ያንኑ ይላል።

እማሆይ አማተቡ። "ኧረ በእመ ብርሃን! ሙቱን ሰው ምን አድርጎ ነው የሚጠሩት? መርዶ ነው እንዴ?" አሉ። በዚያ አገር ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። አያ ፈንቴ ጋቢያቸው ወድቆ ተነሥተው ቆመዋል።

ግቡ ፊት ለፊቷ ነበር። "ምቺው! ምቺው!" ይላል ሰዉ። ብትመታው ምናልባት ይገባል፣ ምናልባትም በጎን ያልፋል። እሷ ግን ቀና ብላ፣ ከጠባቂዋ ተነጥላ ወደ ባዶው ቦታ የምትሮጠውን አጥቂ አየች። ኳሷን በእግሯ መትታ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት። በእግር የተላከ ኳስ መሬት ሳይነካ የያዘ ሰው ማንም ሳይደርስበት ቆሞ ይመታል፤ አጥቂዋም ቆማ መታች። በረጃጅሞቹ መሀል! ስድስት! ጥቂት ቆይቶ ጥሩምባው ተነፋ። አሸነፉ።

አያ ፈንቴ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። ዱላቸውን አንሥተው ደጅ ወጡና ፎከሩ። ሁልጊዜ በራሳቸው ስም ይፎክሩ የነበሩት ሰውዬ፣ "እኔ የደምለው ወንድም!" አሉ። ሦስት ጊዜ። ቀዩ በሬ ደንግጦ ተነሣ።

ትርንጎ ጨዋታው እንዳለቀ ደወለች። "እማ፣ ግቡን እኔ አላገባሁም" አለች መጀመሪያ። አይቻለሁ አልኳት። "ሰማሽ ግን? ሰማሽ እንዴት እንደጠሩኝ?"

ሰምቻለሁ። በእኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስምህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ በለቅሶህ ዕለት እንኳ ጓዴ እያልኩ ነው የሸኘሁህ። ያን ጠዋት ግን ያ ሁሉ የማያውቅህ ሕዝብ ሲጠራህ፣ እኔም ሳላስበው አብሬ ጮህኩ። ከማንም በላይ ጮህኩ። ያፈረብኝ ሰው አላየሁም፣ እኔም አላፈርኩም።

ስለዚህ አልረሳህም ብዬ ብቻ አልተውም። በቅዳሴ በክርስትና ስምህ አስጠራሃለሁ። ልጅህ በሮጠች ቁጥር ደግሞ፣ በቤቴ፣ ሰው እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራሃለሁ፦ ደምለው። ደምለው። የእኔ ደምለው።