ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ጥር 14፣ 2006 ዓ.ም.

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ጣቶቼ እስካሁን እስክሪብቶ በደንብ አይዙም...

ከሰዓት የእትዬ ፋጢማ ዕቃ ከደሴ መጣ። ከጅዳ ከመመለሷ በፊት በካርጎ የላከችው። ቴሌቪዥን መስሎን ነበር። ኮምፒውተር ሆነ! የምትሠራበት ቤት እመቤት "አርጅቷል፣ ውሰጂው" ብላ የሰጠቻት ነው። አባባ ዞር ዞር ብለው አዩት። "ምን ይሠራልናል?" አሉ።

እትዬ ፋጢማ የአባባ ታናሽ እህት ናት። ኅዳር ላይ ከሰዉ ጋር ከሳውዲ ተባርራ ከመጣች ወዲህ ብዙ አታወራም። ሻንጣዋም እንደታሰረ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ቀሚስ ስትፈልግ ትፈታዋለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ታስረዋለች። እማ "ቁም ሣጥን አለ አይደል?" ስትላት "ይቆይ" ትላለች።

ይቆይ... እስከ መቼ? ተመልሳ ልትሄድ ነው እንዴ?

ጥር 17

ኮምፒውተሩ ቡፌው ውስጥ ገባ። ቴሌቪዥን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ። ልክ ሆነ፤ ጣት አያስገባም። ጎረቤታችን እትዬ በዛች መጥታ አየችው። እማ ተናደደች። "ያን ያህል ስታፈጥ ማሻአላህ እንኳ አላለችም!"

"ሸፍኚው" አለችኝ። ለዓይኑም፣ ለአቧራውም፣ ለብርዱም።

ዳንቴል ጀመርኩ። ነጭ፣ ጠርዙ አረንጓዴ አበባ። ይህን እችላለሁ። ዳንቴል ሲሠራ ማንም አያናግረኝም።

ጥር 25

ዳንቴሉ አለቀ። ሲፒዩ የሚሉትን ሣጥን ከላይ እስከ ታች ለበሰ። እትዬ ፋጢማ በእጇ ዳበሰችው። "እጅሽ ይባረክ ፈርሂያ" አለችኝ። ደስ አለኝ።

ዛሬ ላቀው መጥቶ አገናኘው። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው፣ የቄሱ ልጅ። እትዬ ፋጢማ ከሻንጣዋ አንድ ሲዲ አወጣች። ጅዳ ያሳደገቻት ትንሽ ልጅ፣ ሱሀይላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችላት። ጌም ነው።

"ይኼ የፕሌይስቴሽን ነው" አለ ላቀው። "በኮምፒውተር አይሄድም። ቆይ ግን... ኢሙሌተር እጭንላችኋለሁ። ኮምፒውተሩን ፕሌይስቴሽን ነኝ ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው።"

"ውሸት ልታስተምረው ነው በለኛ" አሉ አባባ።

"ወላሂ ይሠራል!"

"የቄስ ልጅ ሆነህ ወላሂ?"

"ጋሽ አሕመድኑር፣ እኔስ የወሎ ልጅ አይደለሁም?"

አባባ ሳቁ። ላቀው ዳንቴሉን ከፊቱ ብቻ ገለጥ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። ጀልባዎች ወንዝ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ጌም ነው። ሙዚቃው ሲጀምር የእትዬ ፋጢማ ፊት... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ተፈታ። ሁለት ጆይስቲክ ከሻንጣዋ አወጣች። አንዱን ለላቀው ሰጠች። አሸነፈችው! ደግማ አሸነፈችው! ከራት በኋላ ሁልጊዜ ከሱሀይላ ጋር ይጫወቱ ነበር ለካ። ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ዛሬ ነው።

ላቀው ከሄደ በኋላ ግን ጀልባዋ መንቀራፈፍ ጀመረች። ትቆማለች፣ ትዘላለች። ሙዚቃውም ባትሪው እንዳለቀ ሬዲዮ ተጎተተ። "ይሄ እንደ ደከመ በቅሎ ነው የሚተነፍሰው" አሉ አባባ። እውነትም ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል።

እትዬ ፋጢማ ጆይስቲኩን አስቀመጠች። "እንዲህ አልነበረም" አለች። ጆይስቲኮቹን ወደ ሻንጣው መለሰች። አሰረችው።

የካቲት 3

ሰው ወደ ውጭ የሚያሻግር ደላላ ለእትዬ ፋጢማ ደወለላት። በሱዳን በኩል መንገድ አለ ይላል። "አስብበታለሁ" አለችው። እማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። "እዚያ በረሃ ስንቱ ቀርቷል..."

እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር። "አትሂጂ" ልላት ፈለግሁ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የኔ ቃል ሁልጊዜ የሚመጣው ሰዉ ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አሰብኩ። ያ ጌም እንደ ጅዳው ቢሄድላት... ሞኝነት ነው? ሰው ለጀልባ ጌም ብሎ ይቀራል? አይቀርም ይሆናል። ግን ያን ቀን ስቃ ነበር።

የካቲት 6

ወደ ላቀው ሱቅ ሄድኩ። ብቻዬን! መንገድ ላይ የምለውን ደጋግሜ አጠናሁ። ስደርስ ልጆች ተደርድረው ቆመዋል። ላቀው "ምን ልስጥሽ እህቴ? ባትሪ ነው?" አለኝ።

አዎ አልኩ።

ባትሪ ገዝቼ ተመለስኩ። አባባ ለሬዲዮአቸው ስላገኙ መረቁኝ... ያረቢ ምን ይሻለኛል?

የካቲት 8

ዛሬ እማ ላከችኝ ብዬ ዋሸሁ። በሌላ ሰው ስም ሲሆን አፌ ይሻላል። "ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል" አልኩት።

"ከመጀመሪያው ነው የሚንቀራፈፈው ወይስ ቆይቶ?"

እንጃ አልኩ። ያን ቀን ሳቋን እንጂ ሰዓቱን አላየሁም።

"መቼም ራሙ ትንሽ ነው። ብዙ ነገር ባንዴ አይዝም። ሌላ ራም ከደሴ አስመጣለታለሁ" አለ። ለአውቶቡሱ ረዳት አዘዘው።

የካቲት 15

ራሙ መጣ። እንደ ማበጠሪያ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ላቀው ሊያስገባው ታገለ። አልገባም። አዙሮ ሞከረ። አልገባም።

"ጥርሱ ሌላ ነው" አለ። ሌላ ዓይነት ራም ልከው ኖሯል።

"ኒካህ በግድ አይሆንም፣ ተወው!" አሉ አባባ።

ራሙ ተመልሶ ደሴ ሄደ። እትዬ ፋጢማ ቆማ ታይ ነበር። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወይስ እኔ ስለፈለግሁ ነው?

የካቲት 22

ትክክለኛው ራም ገባ፤ ዳንቴሉንም መልሼ አለበስኩት! ሲከፈት ፈጠነ። ጌሙም ቶሎ መጣ። እትዬ ፋጢማ አንዱን ጆይስቲክ ለኔ ሰጠችኝ። ለኔ!

"በስተግራ! ኧረ ግድግዳውን ተይው፣ ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። "አንቺ ጀልባ ሳይሆን ኤሊ ነው የምትነጂው።" ሳቅሁ፤ በጮክታ። እማ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ።

ከዚያ ድልድዩ ሥር ስንደርስ... ያው። መንቀራፈፍ። መዝለል። መጎተት።

ላቀው ራሱን አከከ። "እንግዲህ ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ፣ ነው የሚለወጠው። እሱ ደግሞ አዲስ አበባም መገኘቱን እንጃ።"

"ተወው ወንድሜ። ዕድሜው ነው" አለች እትዬ ፋጢማ። ለኔ ደግሞ ቀስ ብላ፣ "ከረመዳን በፊት እሄዳለሁ ፈርሂያ።"

የካቲት 26

ምንም። ዝናብ የለም፤ ነፋስ ብቻ።

መጋቢት 2

ማንም ሳይነሳ ተነስቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። በጣም ይበርድ ነበር። ሌሊት ሌሊት እማ ከዳንቴሉ በላይ ጋቢ ትደርብለታለች፤ ጋቢውን አንስቼ እሱን ራሴ ለበስኩት። ብቻዬን ተጫወትኩ። ጀልባዋ ቅቤ ላይ እንደሚንሸራተት ትሄዳለች! ድልድዩንም አለፍኩ። ሁለተኛው ዙር ላይም ደህና። ከዚያ... ጀመረው።

ቆይቶ ነው! ላቀው የጠየቀኝ ይህን ነው። ከመጀመሪያው አይደለም፤ ቆይቶ ነው።

ግን ለምን?

መብራት ሄደ። ጋቢውን ልመልስለት ስል እጄ ዳንቴሉ ሥር ገባ። ከምድጃ እንደወጣ ድፎ ዳቦ! ወደ ኋላው እጄን አሾልኬ ሰደድኩ። የመተንፈሻ ቀዳዳው በዳንቴሌ ተሸፍኖ ከቡፌው እንጨት ጋር ተጣብቋል። በአበባው በኩል። በደንብ ጠበቅ አድርጌ የሠራሁት በዚያ በኩል ነበር...

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ በሱፍ ክር ወፍራም ልሠራለት አስቤ ነበር።

መጋቢት 3

እትዬ ፋጢማ በጠዋት ወደ ከላላ ከተማ ሄደች። አብረዋት የሚሄዱ ሴቶች እዚያ አሉ፤ ልትነጋገር ነው። እማ ቁርስ አልበላችም።

ወደ ላቀው ሮጥኩ። ሱቁ ሙሉ ነበር። እንዳልፈራ ሳልቆም ገባሁ። "ቆይቶ ነው! ይሞቃል! ዳንቴል አልብሼው ነው!"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ላቀው ስልክ በእጁ እንደያዘ አፈጠጠብኝ። "ጋቢ ብቻ ነው ያልደረባችሁለት" አለ።

"ሌሊት ጋቢም አለው" አልኩ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም... ሳቅሁ መሰለኝ። አልሞትኩም።

መጥቶ ከፈተው። ውስጡ አቧራው እንደ ጥጥ ነው። በብሩሽ ጠረገው። ከፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባው። "ፔንቲየም ፎር የሚባለው ፕሮሰሰር እንዲህ ነው፣ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን ይቀንሳል" አለኝ። "ሰንፎ አይደለም።"

ከቡፌው አውጥተን ወለል ላይ አደረግነው። "ወለል ላይ አይቆይ፣ አቧራ ይስባል። ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉለት" ብሎ ሄደ። ጠረጴዛ የለንም። ዳንቴሉን አጥፌ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩ።

መጋቢት 5

መጣች። ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው። "ተስማማን" አለች ለእማ።

እኔ ጆይስቲኩን አቀረብኩላት። "ፈርሂያ፣ ደክሞኛል።"

"ተቀመጪ" አልኳት። እንዲህ ብያት አላውቅም። ተቀመጠች።

ጀመርን። ድልድዩ ሲቀርብ አየኋት፤ ጣቷ ላላ፣ መንቀራፈፉን እየጠበቀች ነው። ጀልባዋ አለፈች። ሁለተኛ ዙር። አለፈች። ሦስተኛ። ሙዚቃው አንዴም አልተጎተተም። እትዬ ፋጢማ አፏ ሳይከፈት ከሙዚቃው ጋር ታዜም ጀመር። እንባዋ ይወርዳል፣ ጣቷ ግን አይሳሳትም።

"እዚህ ቦታ ሁልጊዜ ታታልለኝ ነበር... ሱሀይላ። ዓይኔን በእጇ ትሸፍናለች።"

ያኔ ነው ያልኩት። ሰዉ ሳይሄድ። "አትሂጂ።"

"ወደ ግራ ያዢ፣ ግድግዳ ልትመቺ ነው" አለችኝ።

መልስ ነው ይሄ?

መጋቢት 19

በየቀኑ እንጫወታለን። ስለ መሄድ አታነሳም። ሻንጣው ግን እንደታሰረ ነው። እንዳላየ አልፈዋለሁ።

ሚያዝያ 11

ብርሀንነሽና ሌሎች የጎረቤት ልጆች ጌም ሊያዩ መጡ። ወንዶቹ የሚጫወቱበት ቤት ሴት አይገባም፤ እዚህ ግን ቤቱ የኛ ነው። ተራ የማስይዘው እኔ ነኝ። "ብርሀንነሽ፣ ተነሺ፣ ተራሽ አልቋል!" እላለሁ። እሺ ይሉኛል!

አባባ ገቡና ሽቦው አደናቀፋቸው። "ይህን ነገር አንድ ቦታ አስይዙት እንጂ! ወይ ይውጣ!"

እማ ልትሸፍነው ነጠላዋን ይዛ መጣች። ሁላችንም ባንዴ ጮኽን። "ተዪው!"

እትዬ ፋጢማ ተነሳች። ወደ በሩ ኋላ ሄደች። ሻንጣውን ጎትታ አመጣችው። ማሰሪያውን ፈታች። ቀሚሶቹን፣ ሻርፖቹን፣ ፎጣውን ሁሉ አወጣች፤ እስከ መጨረሻው። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከኔ ልብስ ጎን ደረደረች። ባዶውን ሻንጣ ዘጋችና መስኮቱ ሥር አጋደመችው። ጠንካራ ሻንጣ ነው። ኮምፒውተሩን አንስታ እላዩ አስቀመጠችው።

"ከፍ ያለ ቦታ አይደል ያለው ላቀው?"

እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች።

ተጫወትን። መሃል ላይ ስልኳ ጮኸ። ዓይኗን ከጀልባዋ ሳትነቅል "አንሺው" አለችኝ። "ደላላው ከሆነ አልሄድም ብላለች በይው።"

እኔ ልበለው? የማላውቀውን ሰው?

አነሳሁት። እሱ ነው። አልኩት። "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" አለኝ።

"ፈርሂያ ነኝ" አልኩት። "የወንድሟ ልጅ።"